ከመጋዘን የወጣ ወረቀት

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ደጋው ላይ ጋቢ ያስደረበን ብርድ ጥቂት እንደወረድን ለቀቀን፤ የገብስ ማሳው በማሽላ ተተካ፤ ከፊታችን የይፋት ቆላ ወደ አፋር ሜዳ ተዘርግቶ ታየ። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በሰው ተሞልቷል። አህያውን የጫነ ደገኛ ይወርዳል፤ ከታች ግመል የሚጎትቱ አፋሮች ይወጣሉ፤ አርጎባዎቹ ከየመንደራቸው የሚሸጡትን ይዘው ይደርሳሉ። በአንድ ሜዳ ላይ በአማርኛም፣ በአፋርኛም፣ በኦሮምኛም ዋጋ ይጠራል።

ከገበያው ዳር፣ እህል በሚሰፈርበት በኩል፣ በቆርቆሮ በሩ ላይ በቀይ ቀለም «መጋዘን» ተብሎ የተጻፈበት ቤት አለ። በሩ ገርበብ ሲል ጆንያ በጆንያ ላይ ተደራርቦ ይታያል። እኔን ያስቆመኝ ግን በሩ ላይ ያለው ቃል ነው። ወደ ይፋት ስወርድ ሳሰላስለው የመጣሁት ሌላ ቃል፣ ማለትም ዛሬ በከተማ ወጣት ሠዓሊዎችና ገጣሚዎች አፍ የምንሰማው «ዚን»፣ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር መድረሻው እዚህ በር ላይ ነው።

ዚን አንድ ሰው ወይም ጥቂት ጓደኛሞች በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው እጅ አዘጋጅተው የሚያባዙት ትንሽ መጽሔት ነው። አሳታሚ ድርጅት የለውም፤ ማስታወቂያ አይሸጥበትም፤ ብዙ ጊዜ የወረቀቱን ወጪ እንኳ አይመልስም። በእጅ ይጻፋል፣ በታይፕ ይመታል፣ ከሌላ ጋዜጣ ተቆርጦ በኮላ ይለጠፋል፤ ከዚያ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በስቴፕለር ይያያዝና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ስለ እግር ኳስ ቡድን፣ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ግጥም፣ ስለ ሰፈር፣ ስለ ፖለቲካ የሚጻፍ አለ። ከሌላው ኅትመት የሚለየው ጸሐፊው ማንንም ደጅ ሳይጠና መጀመሩ ነው።

ስሙ እንዲህ ያጠረው ተቆርጦ ነው። ሙሉ ስሙ «ፋንዚን» ነበር። ይህን ቃል የፈጠረው ሉዊስ ራስል ሾቨኔ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ መስማት የተሳነው፣ በቼዝ ጨዋታም ስም ያተረፈ ሰው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1940 ራሱ በሚያዘጋጃት «ዲቱርስ» በምትባል ትንሽ መጽሔት ላይ፣ አድናቂ ማለት የሆነውን «ፋን» ወስዶ ከ«ማጋዚን» ጭራ ጋር አጋጠመው። በኋላ አድናቂው ወደቀና ጭራው ብቻውን ቀረ። ዛሬ ዚን የሚሠራ ሰው የማንም አድናቂ መሆን አይጠበቅበትም።

ሾቨኔ ስም አወጣ እንጂ ነገሩን አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1926 ሁጎ ገርንስባክ የሚባል አሳታሚ ኒው ዮርክ ውስጥ «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለ የሳይንስ ልቦለድ መጽሔት ማውጣት ጀመረ። ከአንባቢ የሚመጣውን ደብዳቤ ሲያትም የጸሐፊውን ሙሉ አድራሻ አብሮ አሰፈረ። በየከተማው ብቻቸውን የነበሩ አንባቢዎች በዚያ አድራሻ ተፈላለጉ፤ መጻጻፍ ጀመሩ፤ ቀጥሎም የራሳቸውን ወረቀት ማባዛት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1930 ቺካጎ ላይ «ዘ ኮሜት» ወጣች፤ ከዚህ ዓይነቱ መጽሔት የመጀመሪያዋ እሷ ናት ይባላል። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1933፣ ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ባባዟት ወረቀት ላይ «ሱፐርማን» የሚለው ስም ብቅ አለ። ዓለም የሚያውቀው ሱፐርማን በታላቅ አሳታሚ እጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ከዚያ አምስት ዓመት በፊት ግን ስሙን ያነበቡት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

የ«ፋንዚን»ን የፊት ግማሽ እንተውና ወደ ጭራው እንመለስ። «ማጋዚን» የሚለው ስም ለኅትመት መዋል የለመደው እ.ኤ.አ. ከ1731 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት የጫማ ሰፊ ልጅ የሆነው ኤድዋርድ ኬቭ ለንደን ውስጥ «ዘ ጀንትልማንስ ማጋዚን» የተባለ ወርኃዊ አወጣ። ሥራው በመጀመሪያ ቀላል ነበር፤ በየሳምንቱ ከሚወጡት ጋዜጦች መልካም መልካሙን እየለቀመ በአንድ ጥራዝ ያስቀምጣል። ስለዚህም ስሙን ከዕቃ ማከማቻ ወሰደ። በእንግሊዝኛው ማጋዚን ያን ጊዜ የሚታወቀው የዕቃ ቤት፣ በተለይም የባሩድና የጥይት ቤት በመሆን ነበርና። እንግሊዞች ቃሉን ያገኙት ከፈረንሳዮች፣ ፈረንሳዮች ከጣሊያኖች፣ ጣሊያኖች ደግሞ በሜዲትራኒያን ወደቦች ከዐረብ ነጋዴዎች ነው። ዐረብኛው «መኽዘን» ይላል፣ ሲበዛ «መኻዚን»፤ የሚከማችበት ቦታ ማለት ነው።

የእኛ መጋዘን የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ገንዘብ የምንቆልፍበት ካዝናም እንዲሁ። የጠመንጃ ጥይት የሚታጨቅበትም ካዝና ይባላል፤ ያም ከዚያው ሥር ነው። አማርኛ ለኅትመቱ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ከግዕዝ «መጽሔት»ን ወሰደ፤ መስታወት ማለት ነው። እነሱ ጽሑፍን የሚያስቡት በተከማቸ ዕቃ ነው፤ እኛ ፊት በሚታይበት ነገር ሰየምነው። ሁለቱም ሐሳቦች እውነት ናቸው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም መስታወት ያየውን ይዞ አያቆይም፤ መጋዘን ያቆያል። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ማቆየት ስለሆነ፣ የቆርቆሮው በር ላይ ያለው ቃል ይበልጥብኛል።

አሊዩ አምባ መጋዘን ለመሆን የተፈጠረች ቦታ ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ ሲነግሡ፣ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው የሲራራ መንገድ ፋሬ ላይ ወደ ደጋው ጥግ ይጠጋል፤ ከዚያ ወደ አሊዩ አምባ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝን መልእክተኞች እየመራ የመጣው ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በዚሁ አለፈ፤ ዓርብ ዓርብ የሚቆመውን ገበያዋንም ጽፎ አስቀርቷል። በተከታዩ ዓመት ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም መጥቶ ወባ እያንቀጠቀጠው እዚያው ቤት ይዞ ተቀመጠ፤ የታተመው የጉዞ መጽሐፉ የከተማዋን የዕለት ኑሮ ከማንም በላይ ቀርቦ ይነግረናል። የሐረር ነጋዴዎች ሰፍረውባት ነበር፤ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይቆጠርባታል፤ የማርያ ቴሬዛ ብር ይመነዘርባታል። በአቅራቢያዋ አብዱል ረሱል በሚባለው ገበያ ሰው ይሸጥ እንደነበርም ያ ዘመን ሲነሣ መታለፍ የለበትም። የጠረፉ ሹም ወላስማ መሐመድ ጎንቾ ላይ ተቀምጦ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ይጠብቃል። ወላስማ የሚለው ማዕረግ ራሱ ከጥንቱ የይፋት ሱልጣኖች ከወላሽማዎች የወረደ ነው።

በዚያው ተራራና በዚያው ቆላ መካከል ሁለት የጽሕፈት ዓለሞች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ላይ፣ አንኮበር ባሉት አድባራት፣ ቁም ጸሐፊው ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዑን ቀርጾ መጻሕፍት ይገለብጣል። ታች፣ በይፋት መስጊዶች፣ ደረሳው በሎህ ላይ ጽፎ ይማራል፤ ከፍ ሲል ከባሕር ማዶ በመጣ ወረቀት ላይ ኪታብ ይገለብጣል። በወሎና በአካባቢው ያሉ ዑለማ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ መንዙማ ያሰራጩ ነበር፤ ከአርጎባ የሚወለዱት ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር በዚህ ስማቸው የታወቀ ነው። አንድ ሰው የወደደውን ጽሑፍ በእጁ ገልብጦ ለጓደኛው ይሰጣል፤ ጓደኛውም ለሌላ ይገለብጣል። ማተሚያ ቤት የለም፤ ስርጭት ግን አለ። ይህ ልማድ ባይኖር የኢትዮጵያ ጋዜጣ ታሪክ በተጀመረበት መንገድ አይጀመርም ነበር።

እንዴት ተጀመረ? በእጅ ጽሑፍ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የሐማሴኑ ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ከጣሊያን አገዛዝ ሸሽተው ወደ ምኒልክ አገር ከመጡ በኋላ፣ ወራሪውን የሚያወግዝና አገሩን ለሥልጣኔ የሚቀሰቅስ ወረቀት በእጃቸው እየጻፉ ለቤተ መንግሥት ሰዎች ያድሉ ነበር። ጥቂት ዓመት ቆይቶ አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለው ግሪካዊ የመጀመሪያውን የአማርኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ አወጣ። «አእምሮ» ብለው ስም የሰጡት ራሳቸው አፄ ምኒልክ ናቸው። ያ ጋዜጣ በመጀመሪያ ማተሚያ አላየም። በእጅ ይጻፍ ነበር፤ ቅጂውም 24 ነበር። በኋላ ማባዣ መሣሪያ ሲገኝ ወደ 200 ደረሰ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። 24 ቅጂ ማለት አንድ ጸሐፊ ያንኑ ዜና ሃያ አራት ጊዜ ደግሞ መጻፍ ማለት ነው፤ በየቅጂው ጣቱ ይደክማል፣ መስመሩ ይዛባል፣ አንዱ ቅጂ ከሌላው በአንዲት ፊደል ይለያል። ዛሬ ዚን የሚሠራ ወጣት የሚያውቀው ድካም ይኸው ነው። «አእምሮ» የንጉሠ ነገሥቱን ድጋፍ ያገኘ በመሆኑ በትርጉሙ ከዚን ይርቃል፤ በአሠራሩ ግን የዚያ ወገን ነው። ማተሚያ ሳይኖር፣ ተመዝጋቢ አንባቢ ሳይኖር፣ የጋዜጣ ቋንቋ ገና ሳይለመድ አንድ ሰው ተቀምጦ ጀመረ። የጋዜጠኝነት ታሪካችንን የምናስተምር ሰዎች ከዚህ ዘለን በማተሚያ ወደወጣው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ የምንሮጥ ከሆነ ትልቁን ነገር እንረሳለን።

ዚን በሙሉ ትርጉሙ የመጣው ግን ከተማሪዎች ጋር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ተማሪዎቹ የራሳቸውን «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» የምትባል ወረቀት ማውጣት ያዙ። በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ግጥም ይነበባል፤ የዘመኑ ንጉሠ ነገሥት ራሳቸው ተቀምጠው በሚሰሙበት መድረክ የድሃውን ኑሮ የሚናገሩ ግጥሞች ተሰሙ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ልሳን «ስትራግል» ደግሞ ከዚያ ሁሉ የባሰ እሳት ይዛ መጣች። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ ያነሣበት አጭር ጽሑፍ የታተመው በኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. በዚህች ወረቀት ላይ ነው። ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። አገሪቱ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥርት ዓመታት የተከራከረችባቸው፣ የተፋለመችባቸውና ሕገ መንግሥት የጻፈችባቸው ሐሳቦች ከእነዚያ ገጾች ጋር ሳይነሡ አያልፉም። በሐሳቡ የሚስማማም የማይስማማም አንባቢ አለ፤ የተማሪ ወረቀት ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ግን ሁለቱም ይመሰክራሉ።

በውጭ ያሉት ተማሪዎችም ዝም አላሉም። በሰሜን አሜሪካ «ቻሌንጅ»፣ በአውሮፓ «ታጠቅ» ይወጡ ነበር። ወጪው ከተማሪ ኪስ ነው፤ ጽሑፉ ሌሊት ይመታል፤ ወረቀቱ ተጣጥፎ በፖስታ ወይም በመንገደኛ ሻንጣ አገር ቤት ይገባል።

የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳ የወረቀቱ ነገር ሌላ መልክ ያዘ። በዚያው ክረምት «ዴሞክራሲያ» ብቅ አለች፤ በኋላ ኢሕአፓ የተባለው የግራ ፓርቲ ልሳን መሆኗ ታወቀ። የሌላው የግራ ድርጅት የመኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»ም በዚያው ሰሞን ወጣች። ሁለቱም በስቴንስል የተባዙ፣ በምስጢር የሚበተኑ ነበሩ። አሠራሩን ለማያውቅ ወጣት መንገር ያስፈልጋል። ስቴንስል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። የታይፕ መኪናው ሪቫን ይነሣና ፊደሉ በቀጥታ ሰሙን ይመታዋል፤ ሰሙ በፊደሉ ቅርጽ ይከፈታል። ያ ወረቀት በማባዣው ከበሮ ላይ ይታሰራል፤ ከውስጥ የሚመጣው ቀለም በተከፈተው ቅርጽ ብቻ ሾልኮ ከታች የሚያልፈውን ወረቀት ያትመዋል። እጀታው በተዞረ ቁጥር አንድ ገጽ ይወጣል። ስህተት ከተገኘ በፈሳሽ ማረሚያ ይደፈንና እንደገና ይመታል። አማርኛ ፊደል በታይፕ መኪና መምታት ደግሞ የራሱ ፈተና አለው፤ የኢንጂነር አያና ብሩ የረጅም ዓመታት ልፋት ፊደላችንን ወደ መኪና ባያስገባው ኖሮ ይህ ሁሉ በእጅ ጽሑፍ መቅረቱ ነበር።

ቀለሙ እጅ ላይ ይቀራል፤ በውኃ ብቻ ቶሎ አይለቅም። የከበሮው ድምፅ ከጎረቤት እንዳይሰማ ራዲዮ ከፍ ይደረጋል፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል። አንድ ቅጂ የደረሰው ሰው አንብቦ ያስተላልፋል ወይም ያቃጥላል። የአዲስ አበባ ቤቶች በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በወታደራዊው መንግሥት በደርግ አሰሳ ሲበረበሩ የሚፈለገው መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ የታይፕ መኪናና ማባዣም ከጠመንጃ እኩል ይፈለግ ነበር። ያ የዐረብኛ ሥር ለጥይቱም ለጽሑፉም ማከማቻ ስም አወጣ አላልንም? በዚያ ዓመት ሁለቱም ለአንድ ዓይነት ቅጣት ዳረጉ። በቀይ ሽብር አንድ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ስለተገኘ ብቻ የሞተ ወጣት የሌለበት የአዲስ አበባ ሰፈር ማግኘት ይከብዳል።

ሌላውም ዓለም ይህን ያውቀዋል። በሶቪየት ኅብረት ሰዎች የተከለከለ ግጥምና ልቦለድ በካርቦን ወረቀት እየደራረቡ በታይፕ ይገለብጡ ነበር፤ ራስን በራስ ማተም በሚል ስያሜ «ሳሚዝዳት» ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የወጣው የሰብዓዊ መብት ዜና መዋዕላቸው በዚሁ መንገድ ከዐሥር ዓመት በላይ ዘለቀ። በለንደን ደግሞ ነገሩ ሞት የለበትም፤ የባንክ ጸሐፊ የነበረው ማርክ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1976 «ስኒፊን ግሉ» የተባለች የፓንክ ሙዚቃ ወረቀት በቤቱ አዘጋጅቶ ጥቂት ቅጂ በተነ፤ ብዙም ሳይቆይ የመላው እንቅስቃሴ መናገሪያ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ወጣት ሴቶች ስለ አካላቸው፣ ስለ ደረሰባቸው ጥቃት፣ ስለ ሙዚቃቸው በዚሁ መንገድ ጻፉ። ትልልቆቹ መጽሔቶች የማይሰጧቸውን ቦታ ፎቶ ኮፒ ማሽን ሰጣቸው።

ከዚህ ሁሉ ግን ከእኛው ታሪክ አንድ ምሳሌ ይበልጥብኛል። ጸሐፊው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በታሰረባቸው ዓመታት የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልቦለድ ወደ አማርኛ ተረጎመ። ወረቀት አልነበረውም። የሲጋራ ፓኮ ውስጡ የሚሸፈንበትን ወረቀት እየሰበሰበ በዚያ ላይ ጻፈው፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ ቁርጥራጮች ሆኑ። እስረኞቹ በየተራ ያነቡታል፤ የሚፈቱት ጓደኞቹ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ደብቀው ያወጡለታል። ከተፈታ በኋላ ከያለበት ተሰብስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ነቢይ በኋላ ከ«አዲስ አድማስ» ጋዜጣ መሥራቾች አንዱ ሆነ። ያ ትርጉም መጽሐፍ ከመሆኑ በፊት ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የእስር ቤት ንባብ ነበር። ዚን የሚለውን ቃል አንድም ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልተናገረውም፤ አንባቢና ጸሐፊ ግን በአንድ ወለል ላይ ተኝተው ነበር።

ጥቅምት 1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ወጣና በየመንገዱ ጋዜጣና መጽሔት ፈላ። ብዙዎቹ በጥቂት ሰው አቅም፣ በኪራይ ክፍል፣ ያለ በቂ ገንዘብ የተሠሩ ነበሩ። ስለዚያ ዘመን ብዙ ስለተጻፈ አልመለስበትም።

ወደ ይፋት እንመለስ። እዚህ ቆላ ዛሬ ዚን አለ ወይ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው። በአማራ ክልል ባሉ ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያ የተለመደ ክበብ ነው፤ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ በድምፅ ማጉያ ዜና፣ ግጥምና ጥያቄና መልስ ያሰማል። ከእሱ ጋር የግድግዳ ጋዜጣ አለ። በሉክ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ርእሱ በፓርከር የደመቀ፣ ጠርዙ በአበባ ሥዕል የተከበበ ነው። ስለ ንጽሕና፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ስለ እናት የተጻፈ ግጥም፣ የጥበብ ቃል፣ የእንቆቅልሽ መልስ ይወጣበታል። ጥቂት የማይባሉ የአገራችን ጸሐፊዎች ስማቸውን መጀመሪያ በአደባባይ ተጽፎ ያዩት በዚህ ዓይነት ወረቀት ነው ብል ማንም አይቃወመኝም። ከትምህርት ቤት ውጪም የሰንበት ተማሪዋ የመዝሙር ደብተር አለ፤ የመንዙማ ደብተር አለ፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የሚጨርሱ ልጆች እያዞሩ የሚያስፈርሙት ኦቶግራፍ አለ። ሁሉም በእጅ የተጻፈ፣ ለቅርብ ሰው የተጻፈ፣ ማንም ያልከፈለበት ሥራ ነው።

የግድግዳ ጋዜጣው አንድ ጉድለት አለበት። አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ አዲሱ ይለጠፍበታል፤ ወይም ዝናብ ያርሰዋል፤ ወይም በሚቀጥለው ዓመት ግድግዳው ቀለም ሲቀባ ተቀዶ ይጣላል። የጻፈችው ልጅ እንኳ የራሷ ቅጂ የላትም። «አእምሮ»ን የጻፈው እጅ 24 ጊዜ የደገመው ለምን እንደሆነ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ብዛት ለስርጭት ብቻ አይደለም፤ ለመትረፍም ነው። በስቴንስል የተባዙት የ1966 ወረቀቶች ያን ሁሉ ቃጠሎና አሰሳ አልፈው ዛሬ በተመራማሪዎች እጅ የሚገኙት ብዙ ስለነበሩ ነው። አንዱ ቤት ሲቃጠል ሌላው ቤት ጣሪያ ውስጥ ተረፈ።

ይህ ለይፋት ሰው ሩቅ ነገር አይደለም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. በሰሜን የተጀመረው ጦርነት እዚሁ ይፋት ውስጥ እስካለችው ሸዋ ሮቢት ከተማ ድረስ መጥቶ ነበር። በዚያ ጦርነት በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶችና ቢሮዎች ተጎድተዋል፤ መዝገብና ወረቀት የጠፋባቸው ቦታዎች ጥቂት አይደሉም። ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ ጽሑፍም ቢሆን መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲዘረፍ አብሮ ይሄዳል። በሳጥን ውስጥ የተኛ የተጣጠፈ ወረቀት ቻርጅ አይጠይቅም።

ስለዚህ ለሚኒ ሚዲያ መምህራንና ለተማሪዎቻቸው የማቀርበው ሐሳብ ግልጽ ነው። ወረቀቱን ከግድግዳ አውርዱትና አጣጥፉት። አንድ ኤፎር ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱን በአግድም አስቀምጦ መጀመሪያ በወርዱ፣ ቀጥሎ በቁመቱ፣ ቀጥሎ እንደገና በማጠፍ ስምንት እኩል ክፍል ማውጣት ይቻላል። ከዚያ ይዘረጋና በአጭሩ በኩል ለሁለት ይታጠፋል፤ ከታጠፈው ጠርዝ ጀምሮ እስከ መካከለኛው መስቀለኛ መስመር ድረስ በመቀስ ይቆረጣል። እንደገና ተዘርግቶ በርዝመቱ ሲታጠፍና ከሁለት ጫፍ ወደ መሀል ሲገፋ ቁርጡ ይከፈታል፤ ወረቀቱም ስምንት ገጽ ያላት ትንሽ መጽሔት ይሆናል። ስቴፕለር አይፈልግም። የሚጻፈው ሁሉ በአንዱ ገጽታ ላይ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ፎቶ ኮፒ ይደረጋል። በሸዋ ሮቢት ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ለሃያ ሠላሳ ቅጂ የሚያስከፍለው ብር ክበቡ ሊሰበስበው የማይችለው አይደለም። ማሽን በሌለበት ቦታ ደግሞ የይፋት አባቶች እንዳደረጉት በእጅ መገልበጥ ይቻላል።

ይዘቱን ልጆቹ ያውቁታል። እኔ ብጠየቅ የአሊዩ አምባ ልጆች ስለ ገበያቸው ቢጽፉ እወዳለሁ፤ ዛሬ ማሾው ስንት እንደተሸጠ፣ የአፋሩ ነጋዴ ከየት እንደተነሣ፣ አያታቸው ስለ ድሮው ሲራራ ምን እንደሚሉ፣ የአርጎባ ሸማኔ እንዴት እንደሚሠራ። ጆንስተን ከአንድ መቶ ሰማንያ ዓመት በፊት የጻፈው የውጭ ሰው ያየውን ነው፤ በአገሬው ልጅ እጅ የተጻፈ የአሊዩ አምባ ገበያ መግለጫ ለማግኘት ተመራማሪ ብዙ መልፋት አለበት።

ከየእትሙ ቢያንስ አምስት ቅጂ ከአንባቢ እጅ ውጭ መቀመጥ አለበት። አንዱ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ በወረዳው፣ አንዱ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክኸርስት የመጀመሪያ ዳይሬክተሩ ነበሩ፤ በራሪ ጽሑፍና ትንንሽ ኅትመት መሰብሰብን ከሥራዎቹ አንዱ አድርጎ ቆይቷል። አምስተኛው ወመዘክር ለሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት። በአገሪቱ የሚታተም ሥራ ቅጂው ለዚህ ተቋም እንዲገባ ሕግ ያዛል፤ የስምንት ገጽ የተማሪ ወረቀት ይዞ የሚመጣ መምህር በር ላይ እንዳይመለስ የሚቀበለው ሠራተኛ ካሁኑ ቢነገረው መልካም ነው። በእያንዳንዱ ሽፋን ላይ የእትሙ ቁጥር፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ፣ የትምህርት ቤቱ ስምና የጸሐፊዎቹ ስም ይጻፍ። የቀድሞዎቹ ምስጢራዊ ወረቀቶች ስም ያልያዙት ሞትን ፈርተው ነው፤ እነዚህ ልጆች ስማቸውን ሊጽፉ ይገባል።